ከቅርፊት ሥር የሚኖረው ጥንዚዛ

«ብሳና ይነቅዛል ወይ?» ቢሉ፣ «ለእንጨት ሁሉ ማን አስተማረና!» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ተረቱ የሚነገረው ስለ ሰው ጠባይ ነው። ይሁን እንጂ ስለ እንጨትም እውነት አለበት። ብሳና ቶሎ ይነቅዛል። ግራርም ይነቅዛል፤ ባሕር ዛፍም ይነቅዛል። ታዲያ እንጨቱን የሚያነቅዘው ማነው? ከየት ይመጣል? መኖሪያውስ የት ነው? በዚህ ትምህርት እነዚህን ጥያቄዎች አንድ ባንድ እናያለን።

ዱቄት የሚዘንብበት ቤት

በቀወት፣ ከሸዋ ሮቢት ከተማ ብዙ ሳንርቅ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ገብተን ነበር። ሽማግሌው ልጃቸው ጎጆ ሲወጣ ቤት ሠርተውለታል። ቤቱ ከተሠራ ገና ዓመቱ ነው። ምሰሶውም፣ ቋሚውም፣ ወራጁም የግራር እንጨት ነው። ቁጭ ብለን ስንጫወት ከጣራው ላይ ነጭ ዱቄት ብን እያለ መሶቡ ላይ ይወርድ ጀመር። ምራታቸው ቶሎ ብላ መሶቡን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ምስጥ ነው ልጆቼ፤ ምስጥ ጨረሰን» አሉን ሽማግሌው። «ከሥሩ አመድ ነሰነስን፣ ጋዝ አፈሰስን፤ ምንም አልሆነ።»

ተነሥተን ምሰሶውን አየነው። ከመሬት ተነሥቶ በእንጨቱ ላይ የሚወጣ የጭቃ መንገድ የለም። ያለው እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ትንንሽ ክብ ቀዳዳ ነው። ቅርፊቱን በቢላ ብንገፋው ሳይታገል ተላጠ። ከሥሩ ጠመዝማዛ መንገድ፣ የተጠቀጠቀ ዱቄትና አንድ ነጭ ትል ወጣ።

«አባባ፣ ይህ ምስጥ አይደለም» አልናቸው። «ምስጥ ከመሬት አፈር እየለሰነ ይወጣል። ይህኛው አፈር አያውቅም። ይህ የጥንዚዛ ልጅ ነው። እንጨቱ ከነቅርፊቱ ሲከርም እናቲቱ እንቁላሏን ጣለችበት። ከዚያ ከእንጨቱ ጋር አብሮ ቤት ገባ።»

«እንግዲያው በአህያዬ ጭኜ ያመጣሁት እኔው ነኛ!» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን የደስታ አልነበረም። ያን እንጨት ለመቁረጥና ለማጓጓዝ ስንት ቀን ደክመዋል። አሁን ደግሞ ጣራው ቢወድቅ ከሥሩ የሚተኙት ልጃቸውና ምራታቸው ናቸው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ጠላቱ ማን እንደሆነ ያላወቀ ሰው፣ ለጥንዚዛ የምስጥ መድኃኒት ሲያደርግ ይኖራል። ስለዚህ ጥንዚዛውን እንወቀው።

ጥንዚዛ ምንድነው?

ጥንዚዛ ባለ ስድስት እግር ነፍሳት ነው። ከሌሎቹ ነፍሳት የሚለየው በጀርባው ነው። ሁለቱ የላይ ክንፎቹ እንደ ጋሻ የጠነከሩ ናቸው፤ የሚበርባቸው ስስ ክንፎች ከጋሻው ሥር ታጥፈው ይቀመጣሉ። በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የጥንዚዛ ዓይነቶች ወደ 400 ሺህ ይጠጋሉ። የጎተራው ነቀዝ ከእነርሱ አንዱ ነው። እበት እያንከባለለ የሚሄደውም ጥንዚዛ ነው። አብዛኞቹ በሰው ላይ ጉዳት የላቸውም።

ጥንዚዛ ሲያድግ በአራት ደረጃ ያልፋል። በመጀመሪያ እንቁላል ነው። ከእንቁላሉ ትል የሚመስል እጭ ይፈለፈላል። ይህ እጭ ሥራው መብላት ብቻ ነው። ጠግቦ ሲያበቃ ክፍል ሠርቶ ሳይበላና ሳይንቀሳቀስ ይተኛል። በመጨረሻም ክንፍ አውጥቶ፣ እንጨቱን በስቶ ይወጣል። በእንጨት ላይ የምናየው ቀዳዳ ብዙውን ጊዜ የመውጫ በሩ ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ባየን ጊዜ ጥንዚዛው ከእንጨቱ ውስጥ በልቶና አድጎ ወጥቷል ማለት ነው።

ቅርፊት ለዛፍ ምኑ ነው?

ቅርፊት ለዛፍ እንደ ልብስ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ቅርፊት ሁለት ክፍል አለው። የውጪው ክፍል የደረቀና የሞተ ነው፤ ዛፉን ከፀሐይ፣ ከእሳትና ከእንስሳት ይከላከላል። የውስጡ ክፍል ግን ሕይወት ያለው፣ እርጥብና ጣፋጭ ነው። እኛ ልጥ ብለን የምንጠራው ማሰሪያ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ለዛፉ ምግብ ይሠራል። ያ ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በዚህ በውስጠኛው ቅርፊት በኩል ነው። ስለዚህ ዛፍን ዙሪያውን የላጠ ሰው የሥሩን ስንቅ ቆርጧል። ዛፉ ለጊዜው ለምለም ሆኖ ቢታይም ሥሩ ተርቦ ይሞታል።

እጩም ከቅርፊት ሥር የሚገባው ለዚሁ ነው። ምግቡ እዚያ አለ። ቅርፊቱ ከፀሐይ ይጋርደዋል፤ ከወፍ ይደብቀዋል። ለእርሱ ቅርፊት ማለት ቤትም ጎተራም ነው።

የጽሕፈቱ ባለቤት ማነው?

ከደረቀ እንጨት ላይ ቅርፊት ያነሣ ሰው ከሥሩ የተጻፈ የሚመስል ነገር ያያል። ይህን ጽሕፈት ማንበብ ይቻላል። ጸሐፊዎቹ አራት ወገን ናቸው።

1ኛ. አብረቅራቂው ጥንዚዛ። እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ አረንጓዴ ወይም የመዳብ መልክ ያለው ነው። በጠራራ ፀሐይ ይበራል። እጩ ጠፍጣፋ ነው፤ ከፊት በኩል ሰፋ፣ ወደ ኋላ ቀጠን ይላል። መንገዱም እንደ እርሱ ጠፍጣፋ ነው። ግራር ከሚወዳቸው ዛፎች አንዱ ነው።

2ኛ. ቀንደ ረጅሙ ጥንዚዛ። በራሱ ላይ ያሉት ሁለት ቀንድ መሳይ መዳሰሻዎች ብዙ ጊዜ ከገላው ይረዝማሉ። እጩ ነጭና ወፍራም ነው። መጀመሪያ ከቅርፊት ሥር ይበላል፤ ሲጠነክር ወደ እንጨቱ ይዘልቃል። የመውጫ ቀዳዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው።

3ኛ. እውነተኛው የቅርፊት ጥንዚዛ። ይህ ትንሽ ነው፤ ብዙዎቹ ከሩዝ ፍሬ አይበልጡም። እናቲቱ ቅርፊቱን በስታ ትገባና አንድ መንገድ ትቆፍራለች። በመንገዱ ግራና ቀኝ እንቁላሏን በተራ ታስቀምጣለች። እጮቹ ሲፈለፈሉ እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይዞ ይሄዳል። ቅርፊቱ ሲነሣ አንድ ዋና መንገድና ከእርሱ የወጡ ብዙ ቀጫጭን መንገዶች ይታያሉ።

4ኛ. ዱቄት አድራጊው ጥንዚዛ። ጥቁር ወይም ቡናማ፣ እንደ ቁራጭ እንጨት ድብልብል ነው። ራሱ ወደ ታች ስለታጠፈ ከላይ ሲያዩት ራስ የሌለው ይመስላል። ገና የተቆረጠ እንጨት ይወዳል። የሚፈልገው በነጩ እንጨት ውስጥ የተከማቸውን ምግብ ነው። ቀዳዳው ክብ ነው። የሽማግሌውን መሶብ ያበላሸው ዱቄት ከዚህ ወገን የመጣ ነው።

እንግዲህ አፈር ካለ ምስጥ ነው፤ ዱቄት ካለ ጥንዚዛ ነው። ይህን አንድ ነገር ያወቀ ሰው ግማሹን ችግር አቃለለ።

ከጣርማበር እስከ ቆላው

የጥንዚዛ አገር የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ዛፉ ነው፤ ሁለተኛው የአየሩ ሙቀት ነው።

ከጣርማበር ተነሥተን ወደ ቀወት እንውረድ። ጣርማበር ከባሕር ወለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር የሚበልጥ ብርዳም ከፍታ ነው። በዚያ አካባቢ ያለው የወፍ ዋሻ ደን በጥድና በወይራ የታወቀ ነው። በደብረ ሲና በኩል ስንወርድ አየሩ እየሞቀ ይሄዳል፤ ዛፉም ይለወጣል። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ከፍታው 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ የምናገኘው ግራር፣ ቁርቁራና በደኖ ነው። በወንዙ ዳር ደግሞ ሾላ አለ። ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር ሜዳ ስንዘልቅ የበዛው ግራር ነው።

ከቅርፊት ሥር የሚኖሩ ጥንዚዛዎች ብዙዎቹ ሁሉን አይበሉም። የአንድ ዛፍ ወገን ይመርጣሉ። የጥድ ጥንዚዛ ቆላ ወርዶ ግራር አይበላም። የግራሩም ደጋ ወጥቶ ጥድ አይበላም። ጥድ ሙጫና ሽታ አለው፤ ያን መቋቋም የሚችለው የለመደው ብቻ ነው። ዛፉ በሌለበት ጥንዚዛውም የለም።

ግራር ደግሞ የቀወት ብቻ አይደለም። የግራር አገር ከምዕራብ አፍሪቃ ከሴኔጋል ተነሥቶ፣ በሱዳን አልፎ፣ ያገራችንን ቆላ ይዞ፣ በኬንያ በኩል እስከ ደቡብ አፍሪቃ ይደርሳል። ግራር የሚወዱ ጥንዚዛዎችም ይህንኑ አገር ተከትለው ይኖራሉ። ስለዚህ በቀወት ያለ ገበሬ ያየውን ችግር በሩቅ አገር ያለ ገበሬም ያውቀዋል።

ሙቀቱም የራሱ ሥራ አለው። በብርድ አገር እጭ የሚያድገው ቀስ ብሎ ነው። በቆላ ግን ቶሎ ያድጋል፤ ቶሎ ይወልዳል። ስለዚህ በቀወት ቅርፊቱ ሳይነሣ የሚያድር እንጨት በደጋ ካለው ይልቅ ቶሎ ይጎዳል።

ጤነኛ ዛፍ ራሱን ይከላከላል

ብዙ ሰው «ግራሩን ያደረቀው ትል ነው» ይላል። ነገሩ ግን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ዛፉ አስቀድሞ ደክሟል፤ ጥንዚዛው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጤነኛ ዛፍ ውኃ የጠገበ ነው። ጥንዚዛ ሲበሳው ሙጫ ያፈልቃል። ሙጫው ገቢውን ያንቀዋል። የውስጡ ቅርፊት በጣም እርጥብ ሲሆንም ትንሹ እጭ መኖር አይችልም። ዛፉ ሲጠማ ግን ሙጫው ያንሳል፤ ቅርፊቱም ይደርቃል። ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ ማለት ነው። አንዳንድ ጥንዚዛዎች የደከመ ዛፍን ሽታ ከሩቅ ይለያሉ። ቀድሞ የገባው ደግሞ የራሱን ሽታ እየለቀቀ ወገኖቹን ይጠራል።

በሰሜን ሸዋና በወሎ በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅ ታላላቆቻችን ያስታውሱታል። በ2008 ዓ.ም.ም ዝናብ ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ዓመት ሰውና ከብት ብቻ አይደለም የሚጠማው፤ ዛፍም ይጠማል። በዚያው ዓመት ደግሞ ለከብት መኖ ቅርንጫፉን እንጨፈጭፋለን። ለማሰሪያ ልጡን እንልጣለን። ለከሰልና ለማገዶ ግንዱን እንቆርጣለን። የተጠማውን ዛፍ በላዩ ላይ እናቆስለዋለን። ምን ያደርጋል፣ ችግር ነው። ቢሆንም ቁስሉ ለጥንዚዛ በር እንደሚከፍት ማወቅ አለብን።

ጥንዚዛው ራሱ በጫካ ውስጥ ሥራ አለው። የሞተን ዛፍ እየሰረሰረ ወደ አፈርነት እንዲመለስ ይረዳል። ግንደ ቆርቁር ግንዱን የሚቆረቁረው እጩን ለማውጣት ነው። እጩን የሚያድኑ ትንንሽ ተርቦችና ጉንዳኖችም አሉ። ጫካው ሙሉ ሲሆን እነዚህ ሁሉ ጥንዚዛውን በልክ ይይዙታል። ጫካው ሲመነጠር ግን ጠባቂዎቹ ይጠፋሉ፤ የቀሩት ዛፎችም ደካሞች ይሆናሉ።

በሌላው ዓለም የደረሰው

በአውሮፓ ደን ውስጥ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የቅርፊት ጥንዚዛ አለ። ከቅርፊት ሥር የሚተወው መንገድ ጽሕፈት ስለሚመስል ሊቃውንት «አታሚው» የሚል ስም አውጥተውለታል። በደኅና ጊዜ የሚኖረው በወደቁና በደከሙ ዛፎች ላይ ነው። ነገር ግን ማዕበል ብዙ ዛፍ ሲጥል ወይም ድርቅ ሲመጣ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከደረሰው ድርቅ በኋላ በጀርመንና በቼክ አገር እጅግ ብዙ ደን አጥፍቷል።

በካናዳ ምዕራብ ደግሞ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሌላ ጥንዚዛ አለ። ቀድሞ የክረምቱ ብርድ እጩን ይገድለው ነበር። ክረምቱ እየሞቀ ሲመጣ እጩ አልሞት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ 18 ሚሊዮን ሄክታር በሚያህል ቦታ ላይ ያለውን ደን አጠቃ። ይህ ስፋት መላውን የአማራ ክልል ይበልጣል።

ሦስተኛው ምሳሌ የባሕር ዛፍ ጥንዚዛ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በአውስትራሊያ ባሕር ዛፍን የሚበላ ቀንደ ረጅም ጥንዚዛ አለ። ይህ ጥንዚዛ ከእንጨት ጭነት ጋር ባሕር ተሻገረ። በደቡብ አፍሪቃ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ባሉ አገሮች፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ታየ። በካሊፎርኒያ ከአውስትራሊያ አንዲት ትንሽ ተርብ አምጥተው ለቀቁበት። ተርቢቱ የራሷን እንቁላል በጥንዚዛው እንቁላል ውስጥ ስለምትጥል የጥንዚዛው ቁጥር ቀነሰ።

ከሦስቱ ምሳሌ የምንማረው ምንድነው? ጥንዚዛ በራሱ ክንፍ ሩቅ ባይሄድም ሰው ያደርሰዋል። ከነቅርፊቱ የተጫነ እንጨት ለጥንዚዛ መኪናው ነው።

ምን እናድርግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይባላል። የሚከተለውን ብናደርግ ብዙ እንጨት እናድናለን።

ሀ. ለቤት የቆረጥነውን እንጨት ሳንውል ሳናድር እንላጠው። ቅርፊት ከሌለ፣ ከቅርፊት ሥር የሚኖረው ጥንዚዛ እንቁላል መጣያ የለውም። እንጨቱም ቶሎ ይደርቃል።

ለ. የተላጠውን እንጨት መሬት ላይ አናጋድመው። ድንጋይ አንጥፈን፣ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በመካከሉ እንዲያልፍ አድርገን እንደርድረው። ከመሬት ከፍ ማለቱ ከምስጥም ያድነዋል።

ሐ. መላጥ ብቻውን ዱቄት አድራጊውን ጥንዚዛ ፈጽሞ አያስቀርም። እርሱ የተላጠ እንጨትም ይገባል። ውኃ ባለበት ቦታ እንጨቱን ለጥቂት ሳምንታት ውኃ ውስጥ ብንዘፈዝፈው ጥንዚዛው የሚፈልገው ምግብ ይቀንሳል። ለምሰሶ ደግሞ ነጩ ክፍል ያነሰውን፣ ውስጡ የጠቆረና የጠነከረውን እንጨት እንምረጥ። የጥድ ውስጠኛ ክፍል ነቀዝንና ምስጥን ይቋቋማል።

መ. ከቆመ ዛፍ ላይ ዙሪያውን ልጥ አንላጥ። ለመኖ ስንመለምልም ሁሉንም ቅርንጫፍ አንጨርስ። በተለይ በድርቅ ዓመት ዛፉ የሚተነፍስበት እንተውለት።

ሠ. ጥንዚዛ የገባበትን ቅርንጫፍ ከግቢ አናከማች። በቶሎ ማገዶ እናድርገው። በጫካ ውስጥ ግን ለግንደ ቆርቁርና ለአፈሩ ሲባል ጥቂት የሞተ ግንድ ቢቀር ጥሩ ነው።

ረ. የእህል ወይም የሰብል መርዝ በቤት እንጨት ላይ አንርጭ። እጩ በእንጨቱ ውስጥ ስለተደበቀ መርዙ አያገኘውም። የሚያገኘው የሚበላውን ምግብና የሚተኙትን ልጆች ነው። ችግሩ ከበረታ የአካባቢያችንን የግብርና ባለሙያ እንጠይቅ።

ለሽማግሌው ቤት ያደረግነው ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ምሰሶውን በዱላ መታ መታ አደረግነው። ድምፁ ድፍን ነበር፤ ውስጡ ገና ደኅና ነው ማለት ነው። ቅርፊቱን ሁሉ ላጥንለትና እጩን ለቀምን። ከወራጆቹ ግን ሦስቱ እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ሰጡ። እነርሱ ወርደው ምድጃ ገቡ፤ በምትካቸው የተላጠና የደረቀ እንጨት ገባ። ዱቄቱ ወዲያው ሙሉ በሙሉ አልቆመም፤ እንጨቱ ውስጥ የዘለቀው እጭ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋልና። ሽማግሌው ግን አመድ መነስነሱንና ጋዝ ማፍሰሱን ተዉት። ስንወጣ የበኩር ልጃቸውን ጠርተው፣ «ከእንግዲህ እንጨት ስትቆርጥ መጥረቢያውን ብቻ ይዘህ አትሂድ፤ መላጫውንም ያዝ» አሉት።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የምስጥንና የጥንዚዛን ጉዳት በምን እንለያለን?
2. ዛፍ ዙሪያውን ሲላጥ የሚሞተው ለምንድነው?
3. ከቅርፊት ሥር የሚጽፉትን አራት የጥንዚዛ ወገኖች ጥቀሱ።
4. የጥድ ጥንዚዛ ወደ ቀወት ግራር የማይወርደው ለምንድነው?
5. በመንደራችሁ የደረቀ ዛፍ ቢኖር ቅርፊቱን አንሥታችሁ ተመልከቱ። ምን ዓይነት መንገድ አያችሁ? ለጎረቤቶቻችሁ አንብባችሁ አስረዱ።